የሦስት ቁጥር ሳንባ

ጥር 4፣ ሰኞ

ዳይሬክተሯ ዛሬ ሰብስባን «ከእንግዲህ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ይመዝገብ» አለች። (ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት። እዚህ ግን ማንም አያየኝም፤ ለነገሩ በዕድሜ ታናሽ እህቴን ታክላለች።) ስለዚህ ሁለት ደብተር አወጣሁ። ሰማያዊው የእሷ ነው። ይህኛው የእኔ ነው፤ እውነቱ የሚጻፈው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው እውነት፦ የዚህን ጤና ጣቢያ መኪኖች ሃያ ሁለት ዓመት በእግራቸው ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። አምስት ናቸው፤ ከአንድ ቁጥር እስከ አምስት ቁጥር። ሁሉም ከፍ ያሉ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትቱ፣ የክትባት ነርስና አዋላጅ ጭነው ሜዳውን የሚያቋርጡ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ከሰማይ ጠብ የሚል ነገር የለም። መንገዱም መንገድ አይደለም፣ የተፈጨ ዱቄት ነው። አንድ መኪና ካለፈ በኋላ የሚከተለው ሾፌር የገዛ ኮፈኑን አያይም። ያን ሁሉ አቧራ ከሞተር የሚከለክለው አንድ የወረቀት ነገር ነው፤ ዙሪያውን እጥፍጥፍ ያለ፣ መሐሉ ክፍት፣ ቁመቱ የወተት ጣሳ የሚያህል። የአየር ፊልትሮ። እኔ ሳንባ ነው የምለው።

ሌላው ጋራዥ ፊልትሮ የሚያስታውሰው መኪናው ማሳል ሲጀምር ነው። እኔ በየቀኑ አጸዳለሁ። የአምስቱንም በገዛ እጄ አወጣለሁ፣ ጎማ ላይ መታ መታ አደርጋለሁ፣ በኮምፕረሰር እነፋለሁ፣ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን። ይህን ሥራ ለማንም አልሰጥም።

ዘንድሮ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚላከው ፊልትሮ አልቋል፤ አዲሱ ሁለት ወር ይቆያል ተባለ፤ ምርጫው ለእኔ ተተወ። ሦስት ሱቅ አየሁ። የመረጥኩት ከባለቤቴ ወንድም ሱቅ ያለውን ነው። አማቼ ስለሆነ አይደለም። ሱቁ ቅርብ ስለሆነ ነው፣ ካርቶኑም ቁርጥ ዋናውን ስለሚመስል። ሌሎቹን ሁለት ሱቆች በእርግጥ ከውጭ ነው ያየኋቸው፤ እሑድ ስለነበር ዝግ ነበሩ። አማቼ ለዘመድ እሑድም ይከፍታል።

ጥር 6፣ ረቡዕ

አዲስ መካኒክ ላኩልኝ። ሴት ናት። ይህን የምጽፈው ለመረጃ ያህል ነው እንጂ ምንም ለማለት አይደለም። ከድንጋይ መፍጫ ነው የመጣችው፤ እዚያ ስድስት ዓመት ማሽን ጠግናለች። አቧራ አውቃለሁ ትላለች። አቧራን ማን አያውቅም?

ገና ቱታዋን ሳትለብስ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ፊልትሮ በየስንት ጊዜው ነው የሚከፈተው?»

«በየቀኑ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

ቅንድቧን አነሣች። አድናቆት መሰለኝ።

«በስንት ግፊት ነው የሚነፉት?»

«ኮምፕረሰሩ በሰጠው።» የተሰጠን ነገር መቀነስ ምን ይሉታል?

ከዚያ የአንድ ቁጥርን ኮፈን ከፍታ፣ ፊልትሮው ከተቀመጠበት ጣሳ ጎን ያለችውን ትንሽ መስኮት አሳየችኝ። ፊልትሮው ሲታፈን ቀይ ታሳያለች። «ቀይ እስክታሳይ ባይነካ ነው የሚሻለው» አለች። «የፊልትሮውን ቤት በከፈትን ቁጥር አቧራ በንጹሑ በኩል እናስገባለን። ወረቀቱም በብዙ ንፋስ ይሳሳል።»

ያቺን መስኮት ሃያ ሁለት ዓመት አውቃታለሁ። አምኛት ግን አላውቅም። ቀይ እስኪሆን መጠበቅ ማለት ልጅ እስኪታመም አለመመገብ ነው። እንዲህ ብዬም ነገርኳት። «ልጅ ሲበዛበትም ይታመማል» አለችና ቱታዋን ልትለብስ ሄደች።

ምላስ አላት።

ጥር 8፣ ዓርብ

አምስቱንም አጸዳሁ። አንድ ቁጥርን ሁለቴ። ምሳ አልበላሁም። ሾፌሩ ሮኬት «ሦስት ቁጥር ዘይት ጎድሎባታል» ይላል። ጨመርን። ባለፈው ሳምንትም ጨምረን ነበር። ሮኬት መቼም የሚለው አያጣም።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ሮኬት የሦስት ቁጥር ሾፌር ነው። ስሙ የወጣለት በፍጥነቱ አይደለም፤ በተቃራኒው ነው። አንድ ጊዜ ኤሊ ቀድማው ዞር ብላ ሰላም ብላዋለች ይባላል። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነዳ ዶሮ እንኳን አልገጨም፤ ዶሮዋ ለመሸሽ በቂ ጊዜ ነበራታ።

ዛሬ ሻይ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ለጥበቃው ሲያወራ ሰማሁት። «ሦስት ቁጥር በእርጅናዋ ሲጋራ ጀምራለች» እያለ ያስቀዋል። ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች ማለቱ ነው። ስገባ ሁለቱም ስኳር ማማሰል ያዙ።

ሰማያዊ ጭስ ማለት ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ነው። ሞተሩ ዘይት የሚያቃጥለው የፒስተኑ ቀለበቶች ሲበሉ ነው። ቀለበት የሚበላው አቧራ ሲገባ ነው። አቧራ ደግሞ በእኔ ፊልትሮ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ጭሱ ሰማያዊ አይደለም። ግራጫ ነው። በሰማያዊው መዝገብ «ግራጫ» ብዬ ጻፍኩ።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ባይጻፍ ጥሩ ነበር፤ ግን ይህ የእውነት ደብተር ነው ብያለሁ።

መካኒኳ የሦስት ቁጥርን ፊልትሮ ይዛ ስቶር ገባች። በሩን ዘጋች፣ መብራቱን አጠፋች፣ የእጅ መብራቷን አብርታ ፊልትሮው መሐል ከተተችው። ጨለማው ውስጥ ወረቀቱ ላይ ትንንሽ ነጥቦች በሩ። አንድ ሁለት አይደሉም። የጠራ ሌሊት ሰማይ ይመስላል።

«ያያሉ ጋሼ?»

«ያምራል» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«እያንዳንዷ የበራች ነጥብ ቀዳዳ ናት።»

የፋብሪካ ችግር ነው አልኳት። ከዚያ ጣቷን ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ አስገብታ አወጣችው። ንጹሕ መሆን ያለበት ቱቦ ነው። ጣቷ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አላየሁም፤ ካቻቢቴ እየፈለግሁ ነበር።

«ይህቺ መኪና ሜዳውን አትሻገርም» አለች።

የሚቀጥለው ረቡዕ ወደ መጨረሻው መንደር ጉዞ አለ። ሌሎቹ አራቱ ሥራ ተይዞላቸዋል። ሦስት ቁጥርን አቆምኩ ማለት ጉዞው ቀረ ማለት ነው፤ ዳይሬክተሯም «ለምን?» ትላለች። ለምን ለሚለው መልስ የለኝም። ማለቴ፣ ለዳይሬክተር የሚመጥን መልስ የለኝም።

ጥር 17፣ እሑድ

ባለቤቴ የክትባት ነርስ ናት። ረቡዕ በሦስት ቁጥር የምትሄደው እሷ ናት። ይህን እስካሁን አልጻፍኩም ለካ።

እራት ላይ «መኪናዋ ደህና ናት?» አለችኝ።

«እኔ እያለሁ?»

«እሱማ አለህ» አለች፤ ዳቦውንም ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ሮኬት አልወደዳትም። ሮኬት ደግሞ የማይወደው ነገር ጥቂት ነው።»

«ሮኬት ከራሱ ጥላ ጋር ተሽቀዳድሞ የሚሸነፍ ሰው ነው።»

አልሳቀችም። ሃያ ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር የማትስቅበትን ቀልድ የምትሰማበት ፊት አላት፤ ያን ፊት አሳየችኝ። ከዚያም መጨረሻው መንደር ስልሳ ሁለት ሕፃናት ተመዝግበው እንደሚጠብቋት፣ የኩፍኝ ወሬ ከማዶ እንደተሰማ ነገረችኝ። ወሬ ነው አልኳት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለሌላ ሰው ነው። የእኔ ጆሮ ደህና ይሰማል።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ለነገ ተዘጋጀሁ። ሦስት ቁጥር ሁለት ሊትር ዘይት ጠጣች። ሮኬት ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ መጣ።

«አለቃ፣ ይህቺን መኪና ተዋት። በሚቀጥለው ሳምንት በሁለት ቁጥር እንሄዳለን።»

«ፈራህ?»

«እኔ እንኳ ለራሴ አይደለም። እህታችንን ይዤ ነው የምሄደው።»

«እህትህ ሚስቴ ናት። ካንተ በላይ ላስብላት?»

እውነት ነው፤ አስቤላታለሁ። አዲስ ፊልትሮ አላስገባሁም፤ ከአማቼ ከገዛኋቸው የመጨረሻዋ አንዲት ብቻ ቀርታ ነበርና ለዳይሬክተሯ መኪና አስቀመጥኳት። ግን የሦስት ቁጥርን ከሌላው ጊዜ እጥፍ ነፋሁት። ኮምፕረሰሩን እስከ ጥግ ከፍቼ። ወረቀቱ እስኪንቀጠቀጥ። መካኒኳ በር ላይ ቆማ አየችኝ፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። የሚያዛጋት መሰለኝ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጡ። ጭሱ ግራጫ ነው።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ዛሬ ማታ ተመልሰው መድረስ ነበረባቸው። ሜዳው ላይ ስልክ አይሠራም። ሮኬት ዝግ ብሎ ነው የሚነዳው። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ጥበቃው በሩን ሳይዘጋ ጠበቀ። ሦስት። ሮኬት ዝግ ብሎ ነው የሚነዳው።

ጥር 22፣ ዓርብ

አሁን ተቀምጫለሁ። በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የውሃ ቦቴ ግቢው ውስጥ ገባ። ከጋቢናው ሮኬትን አወረዱት፤ ወረደ ማለት አይቻልም። ጫማው ተቀድዶ እግሩ ከካልሲው ጋር ተጣብቋል። ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ቁጥር ጉልበቷ አለቀ፤ ጨሰች፣ አንኳኳች፣ ቆመች። የነበረውን ውሃ ሁሉ ለባለቤቴ ትቶ አንዲት ጠርሙስ ብቻ ይዞ ወደ ዋናው መንገድ በእግሩ ተነሣ። ረቡዕ ሌሊቱን፣ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ፣ ዓርብ ጎሕ እስኪቀድ። በዝግታው የታወቀ ሰው ነው፤ ግን አልቆመም።

እኔና መካኒኳ በአንድ ቁጥር ወጣን። እሷ ነዳች። አምስት ሰዓት ሙሉ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም፤ እኔ ስለ አየሩ ጠባይ ተናገርኩ።

ባለቤቴ በመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ነጠላዋን በመጠጥ ውሃዋ አርሳ የክትባቱን ሳጥን ሸፍናበታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስታየን ተነሥታ መጀመሪያ መካኒኳን «ሰዓት ስንት ነው?» አለቻት። የሳጥኑን ቴርሞሜትር አነበበች፣ ጻፈች፣ ደብተሯን ዘጋች። «ሞቷል» አለች። ክትባቱን ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እሱ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«እንግዲያው እኔ ደህና ነኝ።»

ሦስት ቁጥርን በገመድ እየጎተትን ተመለስን። ስልሳ ሁለት ሕፃናት መጨረሻው መንደር ጠብቀው ጠብቀው ተበትነዋል።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ዳይሬክተሯ ሪፖርት ጠየቀች። ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀድጄ በአራተኛው አማረ፦ «ሾፌሩ በጉዞ ላይ የዘይቱን መጠን በአግባቡ ባለመከታተሉ ሞተሩ ለጉዳት ተዳርጓል።»

ሐሰት የለበትም። ዘይቱ ጎድሎ ነበር። ሾፌሩ ደግሞ ሾፌር ነው። አቧራ የሚል ቃል አላስፈለገም።

ከሥር የተሳፋሪ ፊርማ የሚል መስመር አለ። ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ለረጅም ጊዜ አነበበችው፤ አራት መስመር ነው።

«እሱ በየሃምሳ ኪሎ ሜትሩ እያቆመ ዘይቷን ሲለካ አይቻለሁ» አለች። «አልፈርምም።»

«የኔ ሥራ ነው የሚሄደው! ይህን ሁሉ ዓመት መኪኖቹን ያቆምኩት እኔ ነኝ!»

«አዎ» አለች፤ መነጽሯን አወለቀች። «አቆምካቸው።»

ያለ ፊርማ አስገባሁት።

ጥር 28፣ ሐሙስ

ሮኬት ታገደ። ጉዳዩ እስኪጣራ ተባለ፤ ደብዳቤውን የተኛበት ክፍል ድረስ ወሰዱለት፤ እግሩ ገና በፋሻ ነው። ጥበቃው ዛሬ ጠዋት ሰላም አላለኝም። አላየኝም ይሆናል። በሩን ሲከፍትልኝ ግን አይቶኛል።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ማለቴ፣ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። እኔ አላልኩም።

የካቲት 1፣ እሑድ

ጥፋተኛው ተገኘ! እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም? አማቼ ነው። የሸጠልኝ ፊልትሮ ነው ወንፊት የሆነው። በሩጫ ሱቁ ሄድኩ። ለዘመድ ክፍት ነው።

«ሰው ልትገድል ነበር! እህትህን ልትገድል ነበር!»

አማቼ ወፍራም ሰው ነው፤ በቀላሉ አይቆጣም። ዛሬ ግን ከመቀመጫው ተነሣ።

«ጋሼ፣ ርካሽ ነው ብዬሃለሁ። ለከተማ መኪና ነው፣ ለሜዳ አይሆንም ብዬሃለሁ። ካርቶኑ ያምራል አልከኝ።»

«እንዲህ አላልክም።»

«ብያለሁ። ደግሞ እኔ ወረቀት ነው የሸጥኩልህ፤ ቀዳዳ አልሸጥኩልህም።» ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ካርቶን አውርዶ ደረቴ ላይ አስደገፈው። «ወስደህ እየው። ቀዳዳ ካገኘህበት መጥተህ ሱቁን ዝጋው።»

ሲል ሰምቼው ነበር? ለሜዳ አይሆንም ያለ ይመስለኛል። ስለ ካርቶኑ የሆነ ነገር እያሰብኩ ነበር።

የካቲት 2፣ ሰኞ

መካኒኳ ገና ሳትመጣ ስቶር ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የእጅ መብራቷን ተዋስኩ።

መጀመሪያ የአማቼን አዲሱን አየሁ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ ማሸጊያ ጎማውም እንደ አጥንት የደረቀ። ለሜዳ የሚሆን ነገር አይደለም። ግን ጨለማ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልበራችም።

ከዚያ ከሦስት ቁጥር የወጣውን አየሁ። ሰማይ።

ከዚያ ከመደርደሪያው ጥግ አምና የተቀመጠውን የዋናው መሥሪያ ቤት ፊልትሮ አወረድኩ፤ ወፍራሙን፣ ጥሩውን፣ አማቼ ያልነካውን። በየቀኑ እነፋው የነበረውን። ዓይኔን ጨፍኜ መብራቱን ከተትኩ። ከዚያ ገለጥኩ።

እሱም ሰማይ።

በሁለቱም ላይ የደረሰው አንድ ነገር ምንድን ነው? ስስ ወረቀት ይበሳል እሺ። ወፍራሙን ማን በሳው? አማቼ አልነፋውም። ሮኬት ለመንካት እንኳ አልተፈቀደለትም። ይህን ሥራ ለማንም አልሰጥም ብዬ የለ።

መካኒኳ በሩን ስትከፍት የዘይት ጣሳ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። መብራቷ ፊልትሮው ውስጥ እንደበራ ነው። የደረሰብኝን ከፊቴ ሳታነብ አልቀረችም። ብታሾፍብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ድንጋይ መፍጫው ጋ እኔም አድርጌዋለሁ» አለች። «አንድ ዓመት ሙሉ። ማጽዳት ሥራ የሠራን ያስመስላል።»

ሞተሩን አብረን ፈታን። ሲሊንደሮቹ በአሸዋ የተፋቀ ብርጭቆ ይመስላሉ። አቧራ እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። እኔ ደግሞ ስስቅ ነበር።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ሌላ ሪፖርት ጻፍኩ። ሳልቀድ በአንዴ አለቀ። ረጅም ነው። ፊልትሮውን የመረጥኩት ሳላመዛዝን እንደሆነ፣ በየቀኑ እየነፋሁ የበሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሾፌሩም መካኒኳም አስቀድመው እንደነገሩኝ። ቤት ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ጠዋት ስነሣ ከሥሩ የባለቤቴ ፊርማ አለ። ሁለት ቦታ የፊደል ስህተት አርማልኛለች።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ዳይሬክተሯ አንብባ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ የሚያፈስ ነገር ይመስል።

«የመጀመሪያው እኮ ተልኳል። አሁን ለዋናው መሥሪያ ቤት ምን ልበል? ከአንድ ሰው ሁለት ሪፖርት! የትኛውን ልመንዎት?»

«የመጀመሪያውን የጻፈው የጋራዡ ኃላፊ ነው። ይህኛውን እኔ ነኝ።»

«ሰውየው በሦስት ወር ጡረታ ይወጣል። ነገሩ በዝምታ ቢያልፍ ለእርስዎም...»

«አይለፍ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ አየችን። ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ ከተተችው። እንዳታወጣው እዚያው ቆሜ ማኅተሙ እስኪመታበት ጠበቅሁ።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ውሳኔው መጣ። የሮኬት እገዳ ተነሣ። የጋራዡ ኃላፊ መካኒኳ ሆናለች፤ እኔ በሥሯ መካኒክ ነኝ። ጠረጴዛዬን ልለቅላት ስል «ይቀመጡበት፤ እኔ ቁጭ ብዬ አልሠራም» አለች። የወሰደችብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የኮምፕረሰሩን ቁልፍ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ፊልትሮዎቹ መጡ። ወፍራሞች ናቸው። አገባባቸውን አሳየችኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሳስገባ ለኖርኩት ሰው። መጀመሪያ ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ማሸጊያው ላይ ስስ ግሪስ መቀባት፣ ከሥር ያለችው አቧራ የምትተፋ ጎማ አለመደፈኗን በጣት መጭመቅ፣ መዝጋት። ከዚያም የሚከብደው፦ ቀይ እስኪታይ እጅን ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ።

ኪሴ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ እጅ አለኝ።

የካቲት 22፣ እሑድ

ሮኬት ቤት ሄድኩ። እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ባለቤቱ ሻይ አቀረበችልኝ፤ ስኳሩን ግን ከእኔ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ይቅርታ ጠየቅሁ። ተዘጋጅቼበት ስለሄድኩ ጥሩ ይቅርታ ነበር።

ሬዲዮውን ቀነሰ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ አለቃ። ሪፖርቱ ላይ እኔን ስትጽፈኝ እጅህ ተንቀጥቅጧል?»

መዋሸት እችል ነበር። ውሸቱም እሱን ደስ ያሰኘው ነበር።

«አልተንቀጠቀጠም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «የሄድኩትን መንገድ ይቅር ብዬሃለሁ። መንገድ ነው፣ ይኬዳል። ይቺን ነው ይቅር ለማለት የሚከብደኝ።»

ሻዬን ያለ ስኳር ጠጥቼ ወጣሁ።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

ከመጨረሻው መንደር ነው የምጽፈው፤ የምናድረው እዚህ ነው። የሮኬት እግር ገና ስላልዳነ ሦስት ቁጥርን በአዲሱ ሞተሯ የነዳሁት እኔ ነኝ። ጭስ የለም፤ ሰማያዊም ግራጫም። ባለቤቴ አጠገቤ ናት። የሠራተኛ እጥረት ስላለ «ሾፌሩ በክትባት ጊዜ ያግዝ» የሚል ትእዛዝም አለ። ትእዛዙን የጻፈችው ባለቤቴ መሆኗን ያወቅሁት እዚህ ስደርስ ነው።

ከስልሳ ሁለቱ አምሳ ስምንቱ መጡ። ሦስቱ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ሌላ አካባቢ ሄደዋል። አንዷ ላይ ኩፍኙ ቀድሞናል። ሕፃኗ ተርፋለች፤ ዓይኖቿ ግን ገና ቀይ ናቸው፣ ብርሃን አይወዱም። እናቷ «ያን ጊዜ ሁለት ቀን ጠብቀን ነበር፤ መኪናው ተበላሸ አሉን» አለች፤ እንዲያው ወሬ እንደምታወራ፣ ማንንም ሳትወቅስ። ባለቤቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት ለእናቲቱ።

የገባት አይመስለኝም። «መኪና እኮ ይበላሻል» ብላ አጽናናችኝ።

የእኔ ሥራ ልጆቹን መያዝ ነው። የእናቶቹ አንጀት አይችልም፤ መርፌው ሲቀርብ ይለቃሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ጭኔ ላይ እያስቀመጥኩ፣ እጃቸውን ጭብጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ ባለቤቴ ወግታ ወዲያው ጥጥ ታደርጋለች። የምትወጋው እሷ ናት። መርፌውን የያዘችው እሷ ናት። ግን ልጅ ሲያለቅስ ዞሮ የሚያየው የያዘውን ነው። አምሳ ስምንቱም ዞረው እኔን ነው ያዩት። ከሁሉም ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ውዬ፣ ጥላቻቸውን ሁሉ ሰበሰብኩ፤ እሷ ግን «እናቴ፣ ጎበዝ» እያለች ከረሜላ አደለች።

«እኔ አይደለሁም!» ልላቸው ዳድቶኝ ነበር፤ ለአንዱማ ጀምሬለት ነበር። ሮኬት ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

የመጨረሻው የሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ባለቤቴ ስትወጋው ዝም አላት። ጨክኖ ጠበቀና፣ ልለቀው ስል ጣቴን ግምጥ አድርጎ ነከሰኝ፤ ደም እስኪመጣ። እናቱ በድንጋጤ ሮጣ መጥታ ነጠቀችኝ።

«አንተ ባለጌ! ሰውዬው ምን አደረገህ?»

ልጁ መናገር ገና አልቻለም።

«ብዙ» አልኩ በእሱ ፈንታ፤ ባለቤቴም ጥጥ ይዛ ጣቴን ስትጠርግ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።